ጋሽ አገኘሁና አባይ መሃል የሚቆመው ሞተር

ጋሽ አገኘሁ፣ ይቀመጡ እንጂ! ገና ስምዎን ስጠራ በሩን በሩን ማየት ጀመሩ። ዛሬ የጡረታ ሽኝትዎ ነው፤ ማምለጫ የለም። እኔ ፀደይ አዋላጅ ነኝ፤ ከእጄ ሳይጮህ የወጣ ሰው የለም።

ከንፋስ መውጫ ተዛውረው የመጡበት ቀን መቼም አይረሳኝም። የመኪና ሹፌር ነበሩ። ኮትዎን ለብሰው፣ ጫማዎን አስጠርገው መጡ። ኃላፊያችን አቶ ዳንኤል እዚህ ስማዳ ቆላ አውርደው የመሥሪያ ቤቱን በሽተኛ ማሻገሪያ ጀልባ አሳዩዎት። ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ፍሬኑ የት ነው?» አሉ።

«ጀልባ ፍሬን የለውም።»

«ታዲያ በምን ይቆማል?»

ወር ሳይሞላ መልሱን ራስዎ አገኙት። ያ አሮጌ ሞተር ፍሬን አያስፈልገውም፤ ደስ ባለው ቦታ በራሱ ይቆማል። ደስ የሚለው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ የአባይ መሃል።

ሞተሩን ሲያስነሱ ያልሰማ እዚህ ቤት ውስጥ የለም። መጀመሪያ ገመዱን ሲስቡ፣ «በል የኔ ጌታ» ይሉታል። ሁለተኛው ላይ፣ «በል እንጂ አንተ!» ሦስተኛው ላይ የሞተሩ እናት በስድብ ትነሳለች። ቄስ ገብረ ሥላሴ የተሳፈሩ ዕለት ብቻ ጥርስዎን ነክሰው፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ!» ይላሉ።

«አገኘሁ፣ ይህ ምርቃት ነው እርግማን?» ሲሉ አባ ጠየቁ።

«እሱ ገብቶታል፣ አባ።»

ይኸው አባም እየሳቁ ነው።

ሞተሩ ዳር ላይ ደህና ይነሳል። ትንሽ እንደሄድን ያስለዋል፣ ከዚያ ጸጥ። ጥቂት ስንጠብቀው፣ በስንት ልመና ይነሳና መልሶ ይጠፋል። ካንዴላ ቀየሩለት፣ ያው ነው። ካርቡሬተሩን ፈትተው በጥርስ ብሩሽ አጠቡት። አቶ ዳንኤል፣ ለመስክ ሥራ ወርደው ያደሩ ጊዜ ብሩሽዎ የት እንደገባ አሁን ታወቀ። እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ጋሽ አገኘሁ ፈረዱ፦ «ደምሌ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ይጨምራል!» ደምሌ ቤንዚን የሚሸጥልን ነጋዴ ነው። ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ሰው ከደምሌ መግዛት አቆመ።

ከሞተሩ ጋር በቱቦ የተያያዘውን የቤንዚን ጀሪካን ግን ማንም እንዲነካ አይፈቅዱም። ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በየጠዋቱ በፒንሳ አጥብቀው ያስሯታል። «ቤንዚን ይተናል! የመንግሥት ንብረት ነው!»

በመስከረም፣ ወንዙ ገና ሞልቶ ሳለ፣ ጌጤ የምትባል እናት ከማዶ ሆና ሁለተኛ ቀኗን ታምጣለች ተባለ። ሄደን አሳፈርናት። መሃል ላይ ስንደርስ ሞተሩ እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። ወንዙ ቁልቁል ይዞን ሄደ። ጋሽ አገኘሁ ገመዱን ይስባሉ፣ ያቃስታሉ፤ መዳፋቸው ተልጦ ደም በደም ሆነ። ጌጤ ከተኛችበት ቀና ብላ፣

«ጋሼ፣ የማምጠው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» አለቻቸው።

መሳቅም መጸለይም አማረኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቤንዚኑ አልቆ እንደሆን ለማየት ክዳኑን ከፈቱት። ጀሪካኑ «ፉሽሽሽ!» ብሎ አየር ሳበና ወደ ውስጥ የተጨመደደው ጎኑ ቧ ብሎ ተመለሰ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ፀደይ፣ ይህ ጀሪካን አየር አጥቶ ነው። አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይሄድም።»

«አየሩን ምን ዘጋው?»

«ብሎኗ፤ የአየር መግቢያው እሷ ናት። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

ክዳኑን መልሰው ብሎኗን አላሏት፤ ቱቦው ላይ ያለችውን ቤንዚን መግፊያ ጎማ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ገመዱን ሳቡት። ሞተሩ ተነሳ፤ ዳር እስክንደርስም አልጠፋም። ጌጤ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ወለደች። ወንድ ቢሆን ስሙን በእርስዎ ልታወጣ ነበር፤ ልጅቷን ሴት መሆኗ አዳናት።

አሁን ግን ቀልዱ ይቆየን።

በማግስቱ ስብሰባ ነበር። አቶ ዳንኤል ከደምሌ መግዛት ይቁም ብለው ሊወስኑ ነው። ጌጤ በምጥ ላይ ስለነበረች፣ ጀልባው ላይ የሆነውን የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር። እርስዎ ግን ብድግ ብለው፣ «ደምሌን እንዳትነኩት። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው። ሞተሩን ስዘጋው የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሰውዬውንም ያማሁት እኔ ነኝ» አሉ። በዚያ አላበቁም። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በዚያ ሽበትዎ ደምሌ ሱቅ ፊት ቆመው፣ «በሐሰት ስምህን አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። ደምሌ አቅፎዎት አለቀሰ። እሱም ዛሬ እዚህ አለ፤ ያን ጠላ ማን ያመጣው ይመስላችኋል?

በዚህ መሥሪያ ቤት ሰው ሲሳሳት ቶሎ «እኔ ነኝ» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ስንት በሽተኛ በዚህ እንደተረፈ የምናውቀው እኛ ነን። እግዜር ይስጥልን፣ ጋሽ አገኘሁ።

እትዬ ካሣነሽ፣ ከነገ ጀምሮ ባለቤትዎ ሙሉ ቀን ቤት ይውላሉ። እግዚአብሔር ያጽናናዎት።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! አባ፣ እርስዎም! እስቴ ያለው ማሳዎ በሰብል ይሙላ፤ ጉልበትዎን አይንሳዎት፤ የልጅ ልጆችዎ በጀርባዎ ይፈንጩ። በእጅዎ ያን ወንዝ ተሻግረው፣ ዛሬ በየቤታቸው ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች ሁሉ ስንል፣ ለጋሽ አገኘሁ ጤና!