አባታቸው በተገኙበት ይነበብ ያሉት የአቶ ወልዱ አንጁሎ ዜና ሕይወት

ዳገቱ ሳይከብዳችሁ አስከሬኑን አጅባችሁ እስከዚህ እስከ እንጦጦ ማርያም ደጅ የወጣችሁ ወገኖቻችን፣ ለመምህር ወልዱ አንጁሎ የመጨረሻውን ስንብት ልታደርጉ ቆማችኋልና እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህ ዜና ሕይወት እንደ ወጉ ሙገሳ ብቻ እንዲሆን እኛ ዘመዶቻቸው ብንሻም፣ ሟች በአልጋ ላይ ሳሉ ለባለቤታቸውና ለእኔ ለአጎታቸው ሲናዘዙ፣ ነውራቸው ሳይሸፈን፣ አባታቸው ባሉበትና መምህራን ጓደኞቻቸው በሚሰሙበት እንዲነበብ አጥብቀው አዘዋል። የሟች ቃል ነውና፣ አፋችን እየተሳሰረም ቢሆን እናነበዋለን።

አቶ ወልዱ ከአባታቸው ከአቶ አንጁሎ ማዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስቻለች ሻንቆ በ1937 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው ከዶርዜ መጥተው ከእንጦጦ ግርጌ የሽመና ጉድጓዳቸውን የቆፈሩ፣ እጃቸው የተባረከ ሸማኔ ሲሆኑ፣ እናታቸውም ፈትላቸው እንደ ጸጉር የቀጠነ ነው እየተባለ የሚወራላቸው ሴት ነበሩ። ልጁ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ማግ እያጠነጠኑ ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ከደገሙም በኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገቡ።

በትምህርታቸው የሚስተካከላቸው ባይገኝም፣ ጓደኞቻቸው የሸማኔ ልጅ መሆናቸውን አንሥተው ቁጢት በጣሽ እያሉ ሲሰድቧቸው፣ አንድ መምህር ደግሞ ከእናንተ ሠፈር ሰው ይወጣል እንዴ ብለው በክፍሉ ፊት ሲስቁባቸው፣ ነገሩ ከውስጣቸው ገብቶ ቀረ። ያን ጊዜ አባታቸው ወላጅ አምጣ ለተባለ ጉዳይ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢመጡም፣ ልጁ ከሽንት ቤት ጀርባ ተደብቀው እንደዋሉ ራሳቸው አጫውተውናል። ልጅነት ነው ብለን ስቀን ነበር፤ ምን ይደረግ፣ የሚያስቅ አለመሆኑ የገባን ኋላ ነው።

በመምህርነት ሙያ ሠልጥነው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ በጉለሌ ሲያስተምሩ ቆዩ፤ በማታ ትምህርትም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። በ1963 ዓ.ም. ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ብርሃኔ ጋር በቁርባን ተጋብተው ዓለምፀሐይንና የሺን አፈሩ። ጠመኔ ከያዙ ጀምሮ ተማሪ ላይ እጃቸውን እንዳላነሡ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬም ይመሰክራሉ።

ከዚያም በ1973 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በትምህርት ሙያ ለሚሰጠው የሁለተኛ ዲግሪ ከተመረጡት ጥቂት መምህራን አንዱ ሆኑ። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመረጡት ጉዳይ የሸማኔ ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ መመርመር ነበር። ጊዜው ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ነበርና፣ ወረቀት ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ የቀበሌ ሰላይ የመሰሏቸው ሸማኔዎች አፋቸውን ዘጉባቸው። በዚህ ጊዜ አቶ አንጁሎ ሥራቸውን አቁመው ከልጃቸው ፊት ፊት እየሄዱ፣ ይህ የኔው ልጅ ነው፣ አትፍሩ፣ የልባችሁን ንገሩት እያሉ የሠፈሩን በር ሁሉ አስከፈቱላቸው። ጽሑፉ ሲጠናቀቅ አቶ ወልዱ መምህሮቻቸውን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች፣ በታይፕ የመታችላቸውን ልጅ ሳይቀር አመስግነው ጻፉ፤ የአባታቸው ስም ግን ከምስጋናው ውስጥ አልነበረም።

በሰኔ 1975 ዓ.ም. ከፈታኞች ፊት ቀረቡ። የሸማኔ ልጅ ከትምህርት ገበታው የሚሸሸው በአባቱ ሙያ እንዲያፍር ስለሚደረግ ነው፣ ሠርቶ አደሩን የሚያከብር ትምህርት ቤት ልጁን ከአባቱ አይነጥልም ብለው ላባቸው ጠብ እስኪል ተከራከሩ። ፈታኞቹም በሙሉ ድምፅ አሳለፏቸው። አብሯቸው የተማሩት አቶ አድነው እያቀፏቸው፣ ሌሎችም እጃቸውን እየጨበጧቸው ተያይዘው ወደ ግቢው በር ወጡ።

ከበሩ ላይ አባታቸው ቆመዋል። የፈተናውን ቀን ከምራታቸው ሰምተው፣ ከፋሲካ ጀምሮ ለልጃቸው ብለው የሠሩትን ጋቢ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግራቸው ወርደው ነው። አቶ አድነው እኚህ አባት ማን ናቸው ብለው ሲጠይቁ፣ አቶ ወልዱ ሸማኔዬ ናቸው፣ ያዘዝኩትን ጋቢ አምጥተውልኝ ነው ብለው መለሱ። ወይ ጉድ! የተከራከሩበት ቃል ገና ከአፋቸው ሳይደርቅ!

አቶ አንጁሎ ሰምተዋል፤ ጆሯቸው እስከ ዛሬም ደህና ነው። ልጃቸውን አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩና፣ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጌታዬ እስቲ ይልበሱት ብለው አቀበሏቸው። አቶ አድነው ጥለቱን ዳስሰው ለእኔም ይሥሩልኝ ቢሏቸው፣ ልጃቸው እንዳይዋረዱባቸው እሺ ብለው የአቶ አድነውን ቁመት በክንድ ለክተው ሄዱ። በቀጠሯቸውም ቀን ሠርተው አደረሱላቸው። ስለዚያ ቀን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ አቶ አንጁሎ ወደ ልጃቸው ቤት መምጣታቸውን ባይተዉም፣ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ብድግ ብለው በጓዳ በር ይወጡ ጀመር። አቶ ወልዱ የመምህራን አሠልጣኝ ሆነው በተሾሙ ጊዜ በተደገሰው ድግስ ላይ፣ አባት ድንኳን ከተከሉት ሰዎች ጋር ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠው ሲበሉ፣ ልጅ በዓይናቸው እያዩ ለባልደረቦቻቸው መጠጥ ይቀዱ ነበር። ሊጠሯቸው እየፈለጉ፣ ዛሬ ከጠራኋቸው የትናንቱ ውሸቴ ይወጣል እያሉ ቀኑን በቀን ላይ ደረቡት። ለሠልጣኞቻቸውም የተማሪን ወላጅ ስለማክበር ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይዘጋና ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ያጠፉ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ነግረውናል። እኛ ጉሮሯቸውን ያመማቸው መስሎን ነበር።

በ1981 ዓ.ም. በጠናባቸው የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገብተው ሳሉ፣ አቶ አድነው ያን ያሠሩትን ጋቢ እንደለበሱ ሊጠይቋቸው መጡ። ከራስጌ ተቀምጠው የነበሩት አቶ አንጁሎም እንደ ልማዳቸው ሊወጡ ተነሡ። በሽተኛው የአባታቸውን ልብስ ጫፍ ጨምድደው ይዘው፣ አባቴ ናቸው ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱም፣ ሳግ አንቋቸው እንባ ብቻ ሆነ። አቶ አድነው ሕመሙ የጠናባቸው መስሏቸው ነርስ ሊጠሩ ሮጡ፤ አባትም በግርግሩ መካከል ወጡ። ይህን ኑዛዜ ያዘዙን በማግስቱ ነው። አባታቸው ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያቀበሏቸውን፣ አንድም ቀን ሳይለብሱት ከሣጥን ያስቀመጡትንም ጋቢ አስመጥተው፣ በእሱ ገንዙኝ አሉ። ጥር 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው አረፉ፤ እንዳሉትም በእሱ ተገነዙ።

አቶ ወልዱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የዓለምወርቅን፣ ልጆቻቸውን ዓለምፀሐይንና የሺን ትተውልን አልፈዋል። ከእነሱም በፊት መጠራት የሚገባቸውን፣ ያሳደጓቸውን፣ ያስተማሯቸውን፣ ጽሑፋቸውን ከደጅ ደጅ እየዞሩ ያሠሩላቸውን፣ በዩኒቨርሲቲው በርም የተካዱትን ወላጅ አባታቸውን አቶ አንጁሎ ማዳን ትተዋል። አቶ አድነው፣ በዚያ ቀን ለጠየቁት ጥያቄ የሟች መልስ ይህ ነው።

እግዚአብሔር አምላክ በአባታቸው ማፈራቸውን ይቅር ብሎ፣ መጸጸታቸውን ቆጥሮላቸው፣ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አፈር ከመመለሱ በፊት ግን አንድ ነገር ቀርቶናል። አቶ አንጁሎ ዛሬም መምህራኑን ሲያዩ ዳር ይዘው ከዚያ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመዋል። እባካችሁ መንገድ ልቀቁላቸው፣ ወደ ራስጌው ይምጡ። የሟች አባት ናቸው።