መንገዱ ይቅርታ እስኪጠይቅ

በእኛ ጊዜ መንገድ ነበር ሰውን የሚጠብቀው፤ አሁን ሰው ነው ጠርዝ ላይ ቆሞ መንገዱን የሚጠብቀው። ከጢቾ መጥታችሁ ገና ከባጃጅ ሳትወርዱ፣ "ኦቦ አማን፣ ይህ የሰፈራችሁ መንገድ ምን ሆኖ ነው የሚጣመመው? የቀየሰው ሰው ሰክሮ ነበር ወይ?" ስትሉኝ ሰምቻችኋለሁ። አልተቀየምኩም። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። የቀየሰችው ልጅ አልሰከረችም፣ መንገዱም በከንቱ አልተጣመመም። የተጣመመው በእኅቴ ምክንያት ነው።

ያ ማዶ የምታዩት ሰማያዊ በር የእኅቴ የአዴ ዘይነባ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኔ ነው። በመካከላችን ያለው ይህ መንገድ ብቻ ነው። በጤነኛ ሰው እግር ዐሥራ ሁለት ርምጃ ነው፤ ፈረስ በረገጠው በእኔ ጉልበት ሃያ ይሆናል። የእሷ ባል ከሞተ፣ የእኔም ሚስት ከሞተች ወዲህ፣ በየማለዳው ጮጮዋን፣ የወተት ዕቃዋን ማለቴ ነው፣ ይዛ ትሻገራለች፤ እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ እሷ ወተቱን ትጨምርበታለች፣ እና እስከ ረፋድ ድረስ ሰው እናማለን። ኑሯችን ይኸው ነው። ሌላ የምንጠብቀው ነገር የለንም።

መንገዱ ያኔ ጭቃ ነበር። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ጋሪ ነድቼበታለሁ፣ ቦራ የሚባል ፈረስ ነበረኝ፣ ቦራን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ታዲያ ጭቃው ሰለቸንና ድንጋይ ይነጠፍልን ብለን ለመንን፤ የለመንነው እኛው ነን፣ ማንንም አልወቅስም። ተነጠፈ። ባረክን፣ አጨበጨብን። ወር ሳይሞላ ባጃጁ ሁሉ ከገበያ ወደ መናኸሪያ የሚያቋርጠው በእኛ በር ሆነ። ከሁሉም የባሰው ሚፍታ ነው፤ ሚፍታ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ጸባዩም መልካም ነው፤ መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

አንድ ማለዳ ዘይነባ መሀል ላይ ስትደርስ ሚፍታ ሽው ብሎ አለፈ። እሷን አልነካትም፤ የነካው ነጠላዋን ነው። ጮጮዋ ግን ከእጇ ወደቀችና ወተቱ በድንጋዩ መሀል ፈሰሰ። ሚፍታ ቆመ፣ አንገቱን አወጣና፣

"አዴ፣ ክላክስ አድርጌ ነበር እኮ" አላት።

"ለማን ነው ያደረግኸው? ለጮጮዬ?"

ባዶ ዕቃዋን አነሳች፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ በሯ ላይ ቆማ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ይህ መንገድ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ድረስ እግሬን አላሳርፍበትም" አለች።

እኔም ከዚህ ሆኜ፣ "እቴ፣ መንገድ እኮ አፍ የለውም" አልኳት።

"ወተቴን ሲጠጣ አፍ ነበረው" ብላ በሯን ዘጋች።

እሷን ታውቋታላችሁ? አታውቋትም። ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ ያለችውን ስታጥፍ አንድም ቀን አላየሁም። እና በስልክ መነጋገር ጀመርን። እሷ በሯ ላይ ቆማ፣ እኔ በሬ ላይ ቆሜ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አስቀድሜ አያለሁ፣ ድምጿ ዘግይቶ በስልኩ ይመጣል።

"ምን ቁርስ በላህ?"

"ባዶ ሻይ።"

"ከስተሃል።"

"ከየት አየሽው?"

"ከዚህ ይታያል።"

አንድ ቀን እኔ ልሻገር ብዬ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። መሀል ስደርስ ገብስ የጫነ አይሱዙ መጣ፤ እንደ ፈረሰኛ ወጥቼ እንደ ዶሮ ተመለስኩ። እሷ ከማዶ ሆና ሁሉን አይታ በስልክ ሳቀችብኝ። ሳቁን ስትጨርስ ግን ስልኩን አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም። ሁለት ሽማግሌዎች ነን፣ የቀረንን ማለዳ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ያንኑ በስልክ ልንጨርሰው ነው ወይ?

ታዲያ ነገሩን ወደ እድራችን ወሰድኩት። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና ስብሰባ ጠራሁ። መምህር ተሾመ ተነሣ። መምህር ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ ሠላሳ ዓመት እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ሲናገር ጣቱን እንደ ጠመኔ ይይዛል። "የተከበራችሁ የእድሩ አባላት፣ መፍትሔው አንድና አንድ ነው፤ እርሱም ብሬከር ነው" አለ። ብሬከር የሚሉት መኪና የሚያዘገየውን ጉብታ ነው። የት ይሠራ ተባለ። በዘይነባ በር አልኩ። ከዚያ ወይዘሮ አልማዝ፣ እዚያ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያላት፣ ቀስ ብላ፣ "የእኛ በርስ በር አይደለም? ደንበኞቼ ከድንጋይ ነው የተፈጠሩት?" አለች። እና አለቀ። በእኛ ሰፈር ለአንዱ ቤት የተደረገ ነገር ለሌላው ከቀረ ንቀት ነው፤ ለቅሶም ሆነ ሠርግ፣ ጉብታም ቢሆን። በዚህ መንገድ ላይ ዐሥራ አንድ በር አለ። ዐሥራ አንድ ጉብታ ሠራን።

እያንዳንዱ የራሱን ሠራ፣ እና ጎረቤቱ የሠራውን እያየ አንድ ድንጋይ ከፍ አደረገ። እኔ ለእኅቴ ነው ብዬ አንድ ረድፍ ጨመርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ባጃጁ ዘገየ ወይ ትሉኛላችሁ? መሀል መሀሉን የሚሄድ ቢኖር ይዘገይ ነበር። ሚፍታ ግን ጉብታዎቹ በር ደጃፍ ላይ እንደማይደርሱ ባየ ጊዜ በጠርዙ፣ በአፍንጫችን ሥር መንዳት ጀመረ። ድሮ ባጃጅ መንገድ ላይ ነበር የምናገኘው፤ ያን ሰሞን በር ስንከፍት እናገኘው ጀመር። የመምህር ልጅ ስትዳር ደግሞ የሙሽሮቹ መኪና ሆዷ በራሱ በመምህር ጉብታ ላይ ተቀመጠ፣ ጎማው ግራና ቀኝ ተንሳፈፈ፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ገፉ። መምህር እስካሁን ይህን ወሬ አይወደውም፤ ሲመጣ እንዳታነሡበት።

በዚህ መሀል ኩላሊቴን ጠጠር ያዘኝ። ከሚፍታ ሌላ ማን አለ? ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ስሄድ ሕመሙ አሳውሮኝ ነበር፣ ምኑንም አላውቅም፤ መርፌ ተወግቼ ስመለስ ግን ነፍሴን አውቄአለሁ፣ እና ዝናብ ጥሎ ጠርዙን ውኃ ሞልቶት ስለነበር ሚፍታ በመሀል ነዳ። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ወጣን፣ ወረድን።

"ሚፍታ፣ ይህ የማን ነው?"

"የወይዘሮ አልማዝ ነው ኦቦ።"

"አላህ የሥራዋን ይስጣት።" ሁለተኛው ላይ ወጣን። "ይህስ?"

"የመምህር።"

"እሱንም።"

እንዲህ እያልን፣ እኔ እየጠየቅኩ እሱ እየመለሰ፣ የሰፈሩን ሰው በሙሉ በስሙ ረገምኩት። በመጨረሻ አንዱ ላይ ስንደርስ ባጃጇ ተነሣች፣ እኔ ቀረሁ፤ ቀጥሎ እኔ ተነሣሁ፣ እሷ ወረደች፤ ጭንቅላቴ ከጣራው ተላተመ። "ይህን የሠራው ሰው እጁ..." ብዬ ስጀምር ሚፍታ በመስታወቱ አየኝ።

"ኦቦ፣ አይርገሙ" አለኝ። "ደርሰናል። ይህ የእርስዎ ነው።"

ጠጠሩ በማግስቱ ወረደ። ሚፍታ እስከ ዛሬ "ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ አይደለም" ይላል።

እኔም እንደዳንኩ መምህርን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። መምህር ማመልከቻ ጻፈ፤ "በራሳችን ላይ ስለሠራናቸው ጉብታዎች የቀረበ አቤቱታ" የሚል ርእስ ሰጠው። ባለሥልጣኑ አንብቦ ሲጨርስ ሳቁን ለመደበቅ መነጽሩን አወለቀና መጥረግ ጀመረ። ሆኖም አልናቀንም፤ አንዲት መሐንዲስ ላከልን። ሕይወት ትባላለች፣ አገሯ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ወደ አሰላ ተመድባ መምጣቷ ነው። ሜትር ይዛ ትሯሯጣለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማ ለመነችኝና በሬ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ተቀመጠች። መምህር "ይቺ ልጅ ሥራ የላትም" አለኝ። በሦስተኛው ቀን፣

"አባባ፣ ጋሪ ይነዱ ነበር አሉኝ" አለችኝ። "ፈረስዎ ሳይታዘዝ የሚዘገየው የት ላይ ነበር?"

ልብ በሉ፣ በዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። "ቦራ ፊቱ ሜዳ ሲሆን ይጋልባል፣ ልጓሙን ብትስቢም አይሰማሽም" አልኳት። "አጥሩና ዛፉ ከግራና ቀኝ ሲቀርበው፣ ፊቱም እጥፍ ሲልበት ግን፣ ማንም ሳይነግረው ቀስ ይላል።"

"ባጃጅ የሚነዳውም ሰው እንደዚሁ ነው" አለችና ጻፈችው። እኔም ለሚፍታ "አንተና ቦራ አንድ ናችሁ ተብሏል" ብዬ ነገርኩት፤ "ቦራ ግን ነዳጅ አይገዛም" አለኝ።

ታዲያ አሳቧ ይህ ነበር፤ ጉብታዎቹ ሁሉ ይነሣሉ፣ መንገዱ በዛፍ መትከያ ከዚህም ከዚያም ተገፍቶ ይጠብባል፣ ጥቂት ይታጠፋል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከእግረኛው ጠርዝ እኩል ከፍ ያለ፣ ጠፍጣፋ ማቋረጫ ይሠራል። አስቀድማም በገብስ ጆንያ አሸዋ ሞልታ ደረደረችና "በዚህ እንሞክረው" አለች። መምህር ጣቱን አነሣ። "መንገድ ሲሰፋ ነው ሥልጣኔ፤ ሲጠብ የት ታይቷል?" አለ። እኔም "የልጅህ ሠርግ ላይ ሰፊ ነበር፣ መኪናዋ ግን አላለፈችም" አልኩት። ያን ቀን ነው ለሁለት ሳምንት የተኳረፍነው።

ጆንያው ሠራ። ሚፍታ እንኳ "ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ እግሬ ራሱ ፍሬን ይረግጣል" አለ። የቀረው ማቋረጫው ነው፤ የት ይሁን? ዐሥራ አንዱም በር እንደገና አፉን ከፈተ። ሕይወት ግን ብልህ ናት፤ ዝናብ ሲያባራ ጠብቃ በድንጋዩ ላይ የጭቃ ዱካ ቆጠረች። የበዛው በወይዘሮ አልማዝ ሱቅ ፊት ነው። ወይዘሮ አልማዝ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "እንግዲህ ዱካው ተናገረ" አለች።

እኔ ማዶ አየሁ። ከዘይነባ በር እስከ እኔ በር ድንጋዩ ታጥቦ ያበራል። አንድም ዱካ የለበትም።

"ልጄ፣ ቆጠራሽ ትክክል ነው" አልኳት። "ግን የፈራ ሰው ዱካ የለውም። ያቺ ሴት አርባ ዓመት በዚህ ተመላልሳለች፤ ዱካዋ የጠፋው ማቋረጥ ስላላስፈለጋት ይመስልሻል?"

ሕይወት እስክሪብቶዋን ከደነችና ተሻግራ ሰማያዊውን በር አንኳኳች። ገባች፤ ቆየች። እኔ ትዕግሥት አጥቼ ደወልኩ።

"እቴ፣ ምን አለችሽ?"

"ዝም በል፣ እንግዳ አለኝ" ብላ ዘጋችብኝ።

ስትወጣ ሕይወት በእጇ የወተት ብርጭቆ ነበር። ማቋረጫው ከበር እስከ በር ሆነ፤ ከዚያ እስከዚህ። ወይዘሮ አልማዝ አኮረፈች፣ በኋላ ግን ሰው ሁሉ በቀስታ ሲያልፍ ሱቋን አይቶ መግባት ጀመረና ኩርፊያዋን ረሳችው።

ተሠራ፣ አማረ፣ አለቀ። ዘይነባስ? አልተሻገረችም። "ሽማግሌ የታለ?" አለች። ማለቷ እኮ መንገዱ ይቅርታ አልጠየቀም ነው። ተሰበሰብን፤ እኔ ዘመድ ነኝ፣ አልሆንም፤ መምህር አንደኛው ሽማግሌ ሆነ፣ የመስጊዳችን ሼህ ሁለተኛው። ግን በዳዩ ማን ይሁን? መንገድን ወክሎ ማን ይቁም? ሁሉም ወደ ሚፍታ ዞረ። እሱም እንደ አገራችን ልማድ እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ በሯ ላይ ቆመ፤ ባጃጁን አጥፍቶ፣ ያውም በገበያ ቀን።

"አዴ፣ መንገዱ ልኮኝ ነው።"

"ምን ብሎ?"

"ወተትዎን ስለጠጣሁ ይቅር ይበሉኝ ብሏል።"

"ክላክሱስ? እሱም የመንገዱ ነው?"

ሚፍታ አቀረቀረ። "እሱ የእኔ ነው" አለ። "እሱንም ይቅር ይበሉኝ።"

ሣሩን ተቀበለችው። ጮጮዋን አነሣች። እኔ በዚህ በር ተደግፌ ርምጃዋን ቆጠርኩ። አንድ ርምጃ፣ ሁለት፣ እና መሀል ላይ ስትደርስ ከታች አንድ የማናውቀው ባጃጅ መጣ። መጣ፣ መንገዱ ጠበበበት፣ ታጠፈበት፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። እሷም ቆመች። ዞር ብላ ልጁን አየችው፣ እና ይህን ያህል ወር ያጠራቀመችውን ሰላምታ ጀመረችው። "አካም ቡልቴ? እናትህ ደኅና ናት? ላሞቹስ? ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?" ከኋላው ሁለት፣ ሦስት ባጃጅ ተሰለፈ። ክላክስ ያደረገ የለም። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ቅድመ አያቱ አስረድቶ ነው የተለቀቀው።

እንግዲህ መንገዱ የተጣመመው ለዚህ ነው። አሁን በየማለዳው ትሻገራለች፣ የሚያሳስበኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድሮ ወተቱን ባጃጅ ነበር የሚደፋው፣ አሁን ሰላምታ ያቀዘቅዘዋል።

ቆዩ፣ ስልኬ ነው። "አቤት እቴ... እንግዶች አሉኝ፣ አዎ፣ ከጢቾ... እሺ። እሺ፣ ጥጃለሁ።" ሻዩን ጣድ፣ ደርሻለሁ ነው የምትለው። "ደርሻለሁ" ስትል ተጠንቀቁ። አንተ ወደ በሩ የቀረብከው፣ እስቲ ብቅ በልና የት እንደደረሰች እይልኝ።

"መሀል ላይ ናቸው ኦቦ። ሁለት ባጃጅና አንድ ጋሪ ቆመዋል።"

ማንን ነው ሰላም የምትለው? ጋሪ ነጂውን?

"ከጋሪ ነጂው ጋር የጨረሱ ይመስለኛል። አሁን ፈረሱን ነው።"

እንግዲያው ሻዩን አውርዱት፤ ገና ነን።