ከለቅሶ ማን ለቀቀው?

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ብሪክስተን ላይ በተሳፈርኩበት ባስ ውስጥ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ለተቀመጡ፣ ለማታውቃቸው ያገሯ ሴትዮ ታሪኩን ስለምታነበው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአማርኛ ታወራለች።

«ልጅ ሆኖ አስም ነበረበት። ፕሬዚዳንት ሳይሆን በፊት እናቱና ሚስቱ በአንድ ቀን ሞቱበት።»

«በአንድ ቀን? ስንት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ?»

«ከቀብር በኋላ ወዲያው ሥራ ገባ፣ እማማ።»

«ሰው አልነበረውም እንዴ?»

«ዘመድ ሞልቶት ነበር።»

«ታዲያ ከለቅሶው ማን ለቀቀው?»

«አይ ዶንት ኖው፣ አላውቅም። በኋላ ግን አገር መራ።»

«ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰው እንዴት አገር ይመራል? ግራ ገባኝ።»

«እርስዎስ፣ እዚህ ሆነው ሰው ሲሞትብዎ ይቀመጣሉ?»



«እናቴ ባረፈች በማግስቱ የሥራ ሺፍት ነበረኝ። ገባሁ።»

«ማን ለቀቀዎት?»

«እሱን ነው የማላውቀው፣ ልጄ።»

እነሱን ሳዳምጥ የምወርድበት ፌርማታ፣ ስቶክዌል፣ ደወሉን ሳልጫን አለፈኝ።