ያልተሸጠው ብርድ ልብስ

አቶ ገብረ አማኑኤል በገበያ ቀን ማልደው ሰቆጣ የገቡት ወፍራም ብርድ ልብስ ፍለጋ ነበር። ምስራቅ የምትባለው ልጃቸው ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታ ስትመለስ እግሯ ከድቷት ነው የመጣችው። መጀመሪያ ግራ ዓይኗ ጭጋግ ለብሶ ሰነበተና ተገለጠላት፤ ቀጥሎ እግሯ ደነዘዘ፤ አሁን ከአልጋ እስከ በር እንኳ ደጋፊ ትሻለች። የአዲስ አበባ ሐኪሞች መርምረው፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ነው ብለዋታል።

አባትየው ይህን ስም አፋቸው ላይ አላወጡትም። ለእሳቸው ልጅቷን የመታት ብርድ ነው፤ ብርድ የመታው ደግሞ በሙቀት ይድናል። መስኮቱን በጭቃ ደፈኑት፣ እሳቱን ከአልጋዋ አስጠጉት፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደረቡላት። ባሞቋት ቁጥር ደከመች፤ በደከመች ቁጥር ፈሩ፤ በፈሩ ቁጥር ማገዶ ጨመሩ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት።

ከመስጊዱ በታች ባለው ሱቅ ሀዲያ የምትባል፣ ኮሌጅ የጨረሰች ነጋዴ ተቀምጣ አገኟት። ብርድ ልብሱን እየዘረጋች ለማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ለዘመድ እንኳ ያልነገሩትን ለማያውቋት ሴት ዘረገፉት። ባሞቋት ቁጥር እንደምትደክም ሲናገሩ የሴትዮዋ እጅ ቆመ። ሐኪም ምን አለ ብትላቸው ያንን ስም እየተንተባተቡ ጠሩት።

«ይህን ብርድ ልብስ አልሸጥልዎትም፣ አባቴ» አለች።

የናቀቻቸው መሰላቸው። እሷ ግን ከባንኮኒው ሥር ምርኩዟን አውጥታ ተነሳች። የእሷም ሕመም ያው እንደሆነ፣ ስድስተኛ ዓመቷን እንደያዘች ነገረቻቸው። አቶ ገብረ አማኑኤል ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ የልጃቸውን ፍጻሜ ፊቷ ላይ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ይገድላል?» አሉ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንደነገሩኝ ግን ብዙ ሰው ከነሕመሙ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ፈጽሞ ይለቃታል ብዬ አልዋሽዎትም። እኔም አንዳንድ ጧት እግሬ አለ ወይ ብዬ በእጄ እዳስሳለሁ።»

ከዚያም ነርቭ እንደ መብራት ሽቦ መሆኑን፣ ልባሱ የተላጠበት ሽቦ ሰውነት ሲግል መልእክቱን እንደማያደርስ፣ ሲበርድለት ግን እንደሚመለስ አስረዳቻቸው። ሙቀቱ በሽታውን አላመጣውም፤ ያለውን ያባብሰዋል።

«ልጄ፣ አባቶቻችን ብርድ የመታውን በእሳት ነው ያዳኑት። መስኮቱን ከፍቼ ብትሞትብኝስ? በገዛ እጄ ገደልኳት ማለት አይደለም?»

«ተደፍኖስ እየዳነች ነው?»

አቶ ገብረ አማኑኤል፣ ትነሳ ቢሏትም ትወድቃለች አሉ።

«ትወድቃለች። እኔም ወድቄያለሁ። ላለመውደቅ የሚቻለው ተኝቶ ነው፤ ተኝቶ የቀረ እግር ግን ሳይታመምም ይደርቃል። የምትይዘው ነገር ይሥሩላት። ሐኪሞቹ ዘንድም ይመልሷት፤ መድኃኒት አለው፣ መክፋቱን የሚያዘገይ።»

ባዶ እጃቸውን ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ራሳቸውን ይረግሙ ነበር። ቤት ሲደርሱ ምስራቅ በላብ ተነክራለች፤ ጠባቂዋ ጎረቤታቸው ሸጌ ውሃ በማንኪያ ታጠጣታለች፤ ልጅቷ ዋንጫ መያዝ አቅቷታል። አቶ ገብረ አማኑኤል ዶማ አንስተው መስኮቱ ፊት ቆሙ። ጭቃውን መቱት።

የደጋው ነፋስ ገባ። እሳቱን አወጡ፤ ጋቢዎቹን ገፍፈው አንድ ብቻ ተዉላት፤ ጨርቅ በውሃ ነክረው አንገቷ ላይ አኖሩ። ከዚያ ትንፋሿን እየሰሙ አጠገቧ ቁጭ አሉ። የሚጠብቁት ሞቷን ነበር። ብዙ ቆይታ ምስራቅ ውሃ ጠየቀች፤ ዋንጫውንም በራሷ እጅ ያዘችው። ሸጌ አማተበች። አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

በማግሥቱ ስለ ሀዲያ ሲነግሯት ልጅቷ፣ ይህንኑ የአዲስ አበባ ሐኪሞች ነግረዋት እንደነበረ፣ እሳቸው በፍርሃት ሲንቀጠቀጡ እያየች መከራከር እንደከበዳት ተናገረች። ይህም ከሁሉ ይልቅ ወጋቸው። ወደ ሆስፒታል መለሷት፤ መድኃኒትም ጀመረች። ከአልጋዋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ሽንት ቤት የባሕር ዛፍ አግዳሚ ተከሉላት፤ ሽንት ቤቱም ላይ የእንጨት መቀመጫ ሠሩ። ሥራዋን በጧቱ ቅዝቃዜ እየሠራች፣ ፀሐይ ሲበረታ ታርፋለች። የሽሮ እህል ትለቅማለች፤ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል ታስቆጥራለች። ሕመሙ አልሄደም፤ የከፉ ቀኖች አሉ። ነገር ግን በፍቅር ስም የተደፈነ ቤት የሚያስቀረውን ነገር ሁሉ የተከፈተው መስኮት መልሶላታል፤ ሸክም ሆና የነበረች ልጅ የቤት ሰው ሆነች።

አንድ ማለዳ ከበር እስከ ሽንት ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። አቶ ገብረ አማኑኤል በሩ ላይ ቆሙ። መንገድ አጋማሽ ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ አግዳሚውን ጨብጣ ተንጠለጠለች። እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«አባባ፣ እዚያው ይቆዩ።»

ቆሙ። የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው አንቀው ቆሙ። ምስራቅ ጥቂት አረፈች፤ ቀና አለች፤ ሄደች።