አሸናፊ ላይ የሚጫን ክብደት

ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት በስልኩ የመኪና ውድድር ያያል። አጠገቡ ያሉት፣ እጃቸው ግሪስ የጠገበ ጎልማሳ፣ አንገታቸውን አስግገው ስልኩ ውስጥ ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም።

«ስንት ሰዓት ነው የሚነዱት?»

«ሃያ አራት ሰዓት፣ ጋሼ። ሹፌር ይቀያየራል እንጂ መኪናው አያርፍም።»

«ያቺ ሰማያዊዋማ ትበራለች!»

«እሷማ አሸንፋ አሸንፋ ስታስቸግር ክብደት ጨመሩባት። የሞተሯንም ጉልበት ቀነሱት። የሌሎቹ ፋብሪካዎች መኪኖች እንዲደርሱባት ነው።»

«በሕግ?»

«በሕግ ነዋ!»

«ወይ ፍትሕ! ይሄ ሕግ ለቡ የሚገባው መቼ ነው?»

«ለቡ ምን ያደርጋል?»

«ከጋራዤ ፊት ለፊት አንዱ መጥቶ ጋራዥ ከፈተ። ደንበኞቼን ጠቅልሎ ወሰዳቸው። ድመቴ እንኳን አሁን የምታድረው እሱ ጋ ነው!»

«ጎበዝ ቢሆን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ጎበዝማ ነው! እሱ አይደል እንዴ የሚያንገበግበኝ? ሃምሳ ኪሎ ብረት ጀርባው ላይ ይታሰርበትና መኪና ሥር ይግባ፤ ያኔ እንተያያለን።»

«እርስዎስ፣ ሰፈሩ ውስጥ ብቻዎን በነበሩ ጊዜ ስንት ኪሎ ጫኑብዎት?»

«ያኔማ ውድድሩ ፍትሐዊ ነበር!»

እኔም ታናሽ ወንድሜ ለቡ ለሚያስመርቀው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የያዝኩትን ስጦታ ከጭኔ ላይ አነሣሁና፣ ክብደቱን በእጄ መዘንኩት።