ጄሪካን ያሰለፈ ንግግር

(አርብ ከሰዓት፤ ምርጫው ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ለወረዳ ምክር ቤት የሚወዳደሩት ጋሽ ወንድይፍራው በግቢያቸው በር ሽንቁር፣ ጄሪካን ይዘው ደጁ ላይ የተሰለፉትን ጎረቤቶች ያያሉ፤ የእህታቸው ልጅ ትርሲት ላፕቶፗን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማለች።)

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በሩን እንዳትከፍቺው ብያለሁ። ይሄን ሁሉ ጄሪካን ያሰለፍሽብኝ አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ ምን አጠፋሁ ጋሼ? «የምርጫ ንግግሬ ለሰሚ ይከብድ እንደሆነ በኮምፒውተርሽ ለኪልኝ» አሉኝ፣ ለካሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ለኪው አልኩ እንጂ ላጪው አልኩሽ? እንደ ሐዘንተኛ ፀጉር ሙልጭ አድርገሽ ሰጠሽኝ።

ትርሲት፦ ክብደቱ ከመቶ ዘጠና አንድ መጣ እኮ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ስልሳ ሦስት ቃል። «ሁሉን አቀፍ የውሃ አቅርቦት ተደራሽነትን ከማረጋገጥ አንፃር» ብለው ሳይጨርሱ ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ አንኮራፉ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ያንኮራፉ። ሲነቁ አጨብጭበው «ወይ መማር» ነው ያሉት። ሰው ያልገባውን ያከብራል።

ትርሲት፦ አክብረው ባለፈው ምርጫ አስራ አራት ድምፅ ሰጡዎት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከአስራ አራቱ አንዱም ባልዲ ይዞ ደጄ አልቆመማ። እስቲ ትናንት ገበያ ላይ ያስነበብሽኝን ድገሚው።

ትርሲት፦ «እኔ ቤት ቧንቧ አለ። ውሃው ጥሩ ነው። ውሃ የሁላችን ነው።» ክብደቱ ስድስት። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይገባዋል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ገባው እንጂ። ያውና ጆግ ይዞ ተሰልፏል። እኔ እኮ «እኔ ቤት እንዳለው ሁሉ፣ ወደፊት በጀት ሲፈቀድ፣ በየቤቱ» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ትርሲት፦ «ወደፊት» እና «በጀት ሲፈቀድ» ክብደት ጨመሩብኝ፤ ቆረጥኳቸው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። የቧንቧዬ ታንከር ውስጥ ያለችው ውሃ እኮ እኔንም ሳምንት አታደርሰኝም።

ትርሲት፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ጋሼ። ከከለከሏቸው እሁድ አስራ አራቱንም አያገኟቸውም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የድሮውን ንግግር አምጪው። በእሱ አስተኛቸዋለሁ። (በሩን ከፍተው) «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ከአቅርቦት አንፃር የሚስተዋሉ ተግዳሮቶችን በዘላቂነት ከመቅረፍ ጎን ለጎን...»

ትርሲት፦ ጋሼ፣ አልተኙም። እማማ ጥሩዬ «እስኪጨርስ እየቀዳን እንስማው» ብለው የውሃውን ጎማ ይዘዋል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ «...ጎን ለጎን፣ በተቀናጀ መልኩ፣ ይህንንም መነሻ በማድረግ...» ትርሲትዬ፣ በምን ልጨርሰው?

ትርሲት፦ ወይ «ቅዱ» ነው፣ ወይ «ሂዱ»። ሁለቱም በኮምፒውተሬ ሚዛን ክብደታቸው ዜሮ ነው። እናንተዬ፣ ይሄን የምታነቡት፣ በጋሼ ቦታ ብትሆኑ የቱን ትሉ ነበር?