ድርቤን ያሳማት ሽቦ

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ነቀምቴ ስልክ ቤት ገብቼ ከጊምቢ ጋር እስክገናኝ ተራ ስጠብቅ ኦቦ ሞረዳን አገኘኋቸው። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን በቁጣ ይጮኹ ነበር።

«ይህች ልጅ ትባረርልኝ!» አሉ፣ መስመር አገናኟን ድርቤን እያመለከቱ። «የልጄን የጋብቻ ነገር በስልክ ብነጋገር በነጋታው ጎረቤቴ መሸሻ ቃል በቃል አወራው። ከእርሷ በቀር ማን ሰማኝ?»

ድርቤ አቀረቀረች። እናቷን የምትጦረው በዚሁ ሥራ ነበር።

የመስመር ጠጋኙ ሽብሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «ኦቦ ሞረዳ፣ ከመፍረድዎ በፊት መስመሩን ልለካው ይፍቀዱልኝ።»

«ወሬ በምን ይለካል፣ ኢልመኮ፣ ልጄ? ስልኬ ይጠራል፤ ድምፄም ይደርሳል። ሽቦው ምን ሆነ?»

«መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ሌላ ቤት አለመሻገሩም መታየት አለበት።»

ነገሩ ስለገረመኝ ተከትያቸው ወደ አቶ መሸሻ ቤት ሄድኩ። ሽብሩ መለኪያውን በስልኩ መስመር ላይ አሰረና ድርቤ ከስልክ ቤት ሆና በኦቦ ሞረዳ መስመር ሚስታቸውን እንድታነጋግር አደረገ። ወዲያው የመለኪያው መርፌ ተነሣ። ሽማግሌው የአቶ መሸሻን ስልክ ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉ የሚስታቸው የአዴ ወርቂቱ ድምፅ መጣ፦ «አይዞሽ ድርቤ፤ ሞረዳ ሲቆጣ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።»

ኦቦ ሞረዳ ደንግጠው ስልኩን አስቀመጡ።

ሽብሩ ደጅ ያለው የስልክ ምሰሶ ላይ ወጥቶ መጋጠሚያውን ፈታና አሳየን። «የእያንዳንዱ ቤት ስልክ ሁለት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ አብረው ይገመዳሉ። የጎረቤት ድምፅ ሲነካቸው ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እዚህ ግን ምሰሶው ወድቆ የተበጠሰው ሽቦ በችኮላ ሲቀጠል የእርስዎ አንዱ ሽቦ ከአቶ መሸሻ ሽቦ ጋር ተገምዷል። ደወሉ ይደውላል፤ ንግግሩ ግን ይሻገራል።»

ሽቦዎቹን ከየጥንዳቸው ጋር አገናኝቶ እንደገና ሲለካ መርፌው ከሥፍራው እምብዛም አልተነቃነቀም። በጥላቻ ሳይሆን በማስተዋል ፍርድ የሰጠው ይህ ወጣት እጅግ አስደነቀኝ።

አቶ መሸሻ አፈሩ። «የሰማሁትን ማውራቴ ግን የሽቦው ጥፋት አልነበረም» አሉ።

ኦቦ ሞረዳ ወደ ስልክ ቤት ተመልሰው ወረፋተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ የወነጀልኩሽ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምለምንሽ በሰው ፊት ነው» አሏት። ድርቤ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

በእርሳቸው ጠያቂነት የሰፈራቸው የበከኒሳ ቀሴ መስመሮች ሁሉ ተለኩ። ሁለት ሌሎች የተዛነቁ የሽቦ ጥንዶች ተገኙ፤ በአንደኛው ሰበብ ስድስት ወር የተኳረፉ ወንድማማቾችም በዚያው እሑድ አንድ ማዕድ ቀረቡ።